በጣና ጀልባ ላይ የሚሰቀል ምልክት እንዴት ይሳላል?

በሕንፃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ምልክትና በጀልባ ላይ የሚለጠፍ ምልክት አንድ ዓይነት ሥራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ሕንፃ አያጋድልም፤ ምልክቱ ያልገባው ሰውም ዘበኛውን ጠይቆ መንገዱን ይቀጥላል። የጀልባ ምልክት ግን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ባለበት፣ ወለሉ ወደ አንድ ወገን ባጋደለበትና ነጂው ለማንም መልስ ለመስጠት ፋታ ባጣበት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ንድፉ መጀመር ያለበት «ምን ብንስል ያምራል?» ከሚለው ጥያቄ ሳይሆን ያንን ደቂቃና በዚያ ደቂቃ ምልክቱን የሚያየውን ሰው ከማሰብ ነው። በግራፊክ ዲዛይን ሙያ ስሠራ ለውሃ ትራንስፖርት የሚዘጋጁ ሥዕላዊ ምልክቶች ከሌላው ሥራ ይልቅ የሚስቡኝም በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ጣና ገዳማት ስለሚመላለሱት ጀልባዎች ነው። ጅቡቲንም አነሣለሁ፤ ከአገራችን ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያ በመሆኑ፣ የወደቡን ምልክቶች ዕለት ዕለት ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ የእኛው ሹፌሮች ናቸው።

ትልልቆቹ መርከቦች ዛሬ የሚከተሉት ሥርዓት በአደጋ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1990 ከኦስሎ ወደ ዴንማርክ ትጓዝ በነበረችው ስካንዲኔቪያን ስታር በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ እሳት ተነሥቶ 159 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከበር በላይ የተሰቀለ የመውጫ ምልክት ቀድሞ የሚሰወረው ሰው በሚፈልገው ሰዓት ነው። ሶላስ ተብሎ የሚታወቀው የባሕር ላይ ደህንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት ዛሬ በመንገደኛ መርከቦች ላይ የመውጫ መንገዱ ከወለሉ ከ30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ በመብራት ወይም በጨለማ በሚያበራ ቅብ እንዲመላከት ያስገድዳል፤ ምልክቱ የተቀመጠው በእግሩ ለሚሄድ ሳይሆን በጉልበቱ ለሚድህ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በኢጣሊያዋ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭታ አጋደለችና 32 ሰዎች አለቁ። በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ የተሳፈሩ ብዙ መቶ መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አልተደረገላቸውም ነበር። አሁን ደንቡ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ያዛል። ለእኔ ከዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፤ ምልክት አስቀድሞ የታየን ነገር ያስታውሳል እንጂ ያልታየን ነገር በጭንቅ ሰዓት ሊያስተምር አይችልም።

የቀለሙና የቅርጹ ሰዋስው በዓለም ደረጃ ከተወሰነ ቆይቷል። ቀይ ክብ ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ የሚወርድ ሰያፍ መስመር ካለው ክልከላ ነው፤ ሰማያዊ ክብ «ይህን አድርግ» ይላል፤ ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፤ አረንጓዴ አራት ማዕዘን መዳኛውን ያሳያል፤ ቀይ አራት ማዕዘን ደግሞ የእሳት ማጥፊያው ያለበትን ቦታ ይጠቁማል። ጃፓናዊው ዩኪዮ ኦታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር የነደፈውና በ1985 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው፣ በበር ወጥቶ የሚሮጠው አረንጓዴ ሰው የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለረጅም ጊዜ የራሱ የሆነ የነፍስ አድን ምልክት ስብስብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ውሳኔ ግን የመርከቡን ምልክት ከየብሱ ጋር አቀራርቦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለሚሠሩ መርከቦች ተግባራዊ አደረገው። የቀድሞዎቹ መርከቦች የቀድሞውን ይዘው ስለሚጓዙ፣ ለብዙ ዓመታት ሁለቱም ስብስቦች ጎን ለጎን በባሕር ላይ ይኖራሉ።

ታዲያ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሣ በየስብሰባው የማይጠፋ አንድ ሐሳብ አለ፤ «ለምን የራሳችንን መልክ አንሰጠውም? ለምን በጥለት አናስጌጠውም?» የሚል። የነፍስ ጉዳይ በሆነው ምልክት ላይ ይህን ሐሳብ አልቀበልም። ከጀርመን የመጣ ጎብኚም ሆነ ከደብረ ታቦር የመጣ ምእመን አንዱን አረንጓዴ ምልክት በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆቴልና በሆስፒታል ባየው ቁጥር በጀልባው ላይ ለማወቅ ይቀለዋል፤ የተለየ ባደረግነው መጠን ያን የተጠራቀመ ዕውቀት እንጥለዋለን። የራሳችን እጅ የሚያስፈልገው ደረጃው የማይደርስበት፣ የቦታው ጠባይ ያመጣው ጉዳይ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይሁን እንጂ ደረጃ የወጣለት ሥዕል ሁሉ በራሱ የሚናገር አይደለም። ሥዕል ያለ ትምህርት ይነበባል የሚለው እምነት የሙያችን ትልቁ ስንፍና ይመስለኛል። ማስረጃው ጀልባዎቹ በሚሄዱበት በዘጌ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ አለ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃኑ ፊታቸውን ወደ ተመልካች መልሰው በሁለት ዓይናቸው ይታያሉ፤ ከሐድያንና አጋንንት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በክንፋቸውና በተቆረጠው እግራቸው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በከበቧቸው አንበሶችና ነብሮች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱና በዘንዶው ይታወቃሉ፤ ማንበብ የማትችል አያት እንኳ ማን ማን እንደሆነ ለልጅ ልጇ ታስረዳለች። ከውጭ የመጣው ጎብኚ ግን አስጎብኚ ካልነገረው አንዱንም አይለይም። ሥርዓቱ ፍጹም ሥዕላዊ ነው፤ ሆኖም ከትውልድ ወደ ትውልድ በማስተማር የተላለፈ ነው። የመሰብሰቢያ ቦታን የሚያመለክተው፣ አራት ቀስቶች ወደ ሰዎች ስብስብ የሚጠቁሙበት ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ያልተነገረው ሰው ሰዎቹ ከአራት አቅጣጫ ጥቃት የደረሰባቸው ሊመስለው ይችላል።

በዚህ ምክንያት ንድፍ ከመታተሙ በፊት ለተሳፋሪ መታየት አለበት። አንሲ የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ያወጣው ደረጃ አንድ የደህንነት ምልክት ያለ ጽሑፍ እንዲቆም የሚፈቅደው ከተጠየቁት ሰዎች ቢያንስ 85 በመቶ በትክክል ሲረዱትና ተቃራኒ ወይም አደገኛ ትርጉም የሰጡት ከ5 በመቶ ሳይበልጡ ሲቀር ነው። ይህች ሁለተኛዋ ቁጥር ከመጀመሪያዋ ትበልጥብኛለች፤ «አላውቀውም» ያለ ሰው ቢያንስ ዞር ብሎ ሌላውን ያያል፣ በተቃራኒው የተረዳው ግን በልበ ሙሉነት ወደ አደጋው ይሄዳል። አጠያየቁም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ገባዎት?» ብለው ሲጠይቁት «አዎ» የማይል ሰው በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል፤ ጠያቂውን ማሳፈር ነውር ነውና። «ይህን ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ግን ትሕትናን አልፎ እውነቱን ያወጣል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ለዘጌ ጀልባ ተራ ይጠብቁ ለነበሩ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት የልጆች ላይፍ ጃኬት የሚያመለክት አንድ ረቂቅ አሳየኋቸው፤ ባዶ ሰደርያ፣ ሁለት ማሰሪያ፣ ከጎኑ ትንሽ ልጅ ያለበት ነው። ወረቀቱን ጥቂት ራቅ አድርገው አዩና «ይኼማ አንቀልባ ነው፣ ልጄ፤ ማሰሪያው ይኸው አይደል?» አሉኝ። «ታዲያ ቢሰጥዎ ምን ያደርጉበታል፣ እማማ?» አልኳቸው። «ልጁን አዝልበታለኋ!» አሉ፤ እንደዚህ ያለ ግልጽ ነገር በመጠየቄም ሳይገረሙ አልቀሩም። የእሳቸው ንባብ ከሥዕሉ አንጻር ምንም ስሕተት የለበትም። ችግሩ ውሃው ላይ ነው፤ ላይፍ ጃኬት የተሠራው ሰውን በጀርባው አንጋልሎ ፊቱን ከውሃ በላይ እንዲይዝ ስለሆነ፣ እናትየው የራሷን ጃኬት ለብሳ ስትንጋለል ጀርባዋ ላይ የታዘለው ልጅ ከሥሯ ይሆናል። አደገኛ ትርጉም የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

መፍትሔው ባዶውን ሰደርያ ትቶ የለበሰ ሰው መሣል ነው፤ አዋቂና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው፣ የሁለቱም ጃኬት ደረታቸው ላይ ተቆልፎ፣ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ። መጠኑም መታየት አለበት። በዓለም አቀፉ ደንብ የሕፃን ጃኬት ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ፣ የልጅ ጃኬት ከ15 እስከ 43 ኪሎ ላለ፣ የአዋቂው ከዚያ በላይ ላለ ሰው ነው፤ በቁመት ደግሞ መለያዎቹ አንድ ሜትርና 155 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የልጁን ኪሎ በቃሉ የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነውና፣ ኪሎውን በተለጣፊ ወረቀት ላይ ከመጻፍ ይልቅ በመሳፈሪያው ምሰሶ ላይ በአንድ ሜትርና በ155 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሁለት ወፍራም መስመሮች ተቀብተው ከየመስመሩ ሥር ተገቢው ጃኬት ቢሳል ይሻላል። ልጁ ምሰሶው ሥር ይቆማል፤ ረዳቱም የትኛውን ጃኬት እንደሚሰጠው ያያል። አለባበስን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በክብረ በዓል ቀን ተሳፋሪው ሁሉ ነጠላና ጋቢ ለብሶ ይመጣል፤ ጃኬቱ ከነጠላው በላይ ነው ወይስ በታች? የረጠበ ጋቢ ክንድ ላይ ከተጠመጠመ ለመዋኘት አያስችልም፤ ስለዚህ በአለባበስ ማሳያው ሥዕል ላይ የመጀመሪያው ደረጃ ነጠላን አውልቆ ማስቀመጥ መሆን አለበት። ደረጃውን የጠበቀው አረንጓዴ ምልክት እንዳለ ይቀመጥ፤ ነጠላ ለባሿ ሴት የምትገባው በዚህ የማሳያ ሥዕል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጠባይ ልመለስ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ይኸው ጉማሬ ደግሞ ጎብኚ ከፍሎ ሊያየው የሚመጣው እንስሳ ነው። ሙሉ አካሉ በጎን የተሳለ ጉማሬ «እዚህ ጉማሬ ይታያል» የሚል የአስጎብኚ ማስታወቂያ ይመስላል። ለማስጠንቀቂያ ሲሆን በቢጫው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚሳለው ሰው በእውነት የሚያየው ነገር መሆን አለበት፤ የውሃውን መስመርና ከመስመሩ በላይ ብቅ ያሉትን ጆሮዎች፣ ዓይኖችና የአፍንጫ ቀዳዳዎች፣ አጠገቡም ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ። ታንኳዋ መጠኑን ትሰጣለች፤ ማን በይበልጥ እንደሚያሠጋውም ትናገራለች፤ በታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ከሞተር ጀልባው ተሳፋሪ ይልቅ ለጉማሬው ቅርብ ነውና።

ሌላው የገዳማቱ ሥርዓት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ይህን በቀይ ክብና በሰያፍ መስመር የሴት ሥዕል ሰርዞ ማሳየት ለነዳፊው ቀላሉ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ቀዩ ክብ በጀልባው ላይ «አትቁም»፣ «አታጭስ»፣ «እጅህን አታውጣ» ለሚሉት የደህንነት ክልከላዎች መቆየት አለበት፤ የሥርዓት ጉዳይ ሲገባበት የሁለቱም ክብደት ይቀንሳል፣ የተሰረዘች ሴት ሥዕልም ሴት ምእመናንን ያለ አግባብ ይሰድባል። ይልቁንም ይህ መረጃ ባሕር ዳር፣ ትኬት በሚቆረጥበት ቦታ፣ የደሴቶቹን ካርታ በያዘ ሰሌዳ ላይ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አንዲት ሴት ገንዘቧን ከፍላና ተጉዛ ደሴቱ ላይ ስትደርስ የምታየው ሰሌዳ፣ የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢሳል፣ ቦታውን የሳተ ሰሌዳ ነው።

ቀስትም ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በአብዛኛው «ወደ ፊት ቀጥል» ለማለት ይውላል፤ ሁለተኛ ፎቅ ባለው ጀልባ ላይ ግን «ወደ ላይ ውጣ» ተብሎ ይነበባል፣ መሰላሉም አጠገቡ ካለ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይተምማል። ብዙ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ደግሞ የጀልባው የክብደት ማዕከል ከፍ ስለሚል የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ መሰላል ባለበት ሁሉ ሰያፍ ቀስት ከደረጃ ሥዕል ጋር መሆን አለበት፤ ቀጥ ያለው ቀስት ደግሞ ከተቻለ ከግድግዳ ወርዶ በወለሉ ላይ ቢቀባ ጥርጥር አያስነሣም።

ጅቡቲ ላይ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል፤ አንባቢው ባለሙያ ነውና። አደገኛ ዕቃ የጫነ ኮንቴይነር በአራቱም ጎኖቹ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዳይመንድ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ይለጠፍበታል፤ ቀዩ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ቢጫው እሳትን የሚያባብስ ኦክሲዳይዘር፣ አረንጓዴው የማይቀጣጠል ጋዝ ነው፤ የምድቡ ቁጥርም በታችኛው ማዕዘን ይጻፋል። ነዳጅ በሚያመላልሱት ቦቴዎች ብርቱካንማ ሰሌዳ ላይ የዕቃው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ 1203 ለቤንዚን፣ 1202 ለናፍጣ፣ 1863 ለአውሮፕላን ነዳጅ ተብሎ ይጻፋል። አረንጓዴ በመርከቡ ግድግዳ ላይ መዳኛ፣ በኮንቴይነሩ ላይ ግን በግፊት የታመቀ ጋዝ መሆኑን ልብ ይሏል። በባሕሩ ላይ ደግሞ በጅቡቲ ወደብ ወደ ውስጥ የሚገባ መርከብ ቀዩን ተንሳፋፊ ምልክት በግራው፣ አረንጓዴውን በቀኙ ያደርጋል፤ በአሜሪካ አህጉርና በጃፓን ተቃራኒው ነው፤ ይህ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1980 በተደረሰ ስምምነት ጭምር የጸደቀ ነው። መርከበኞቹ ግን ከቀለሙ ሌላ ቅርጽ አላቸው፤ በግራ የሚቀረው ተንሳፋፊ አናቱ እንደ ጣሳ ጠፍጣፋ፣ በቀኝ የሚቀረው ሾጣጣ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይንም ይጠቀምበታል። በቀለም ብቻ የሚናገር ምልክት ወደብ ላይ ሊኖር አይገባም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በፀሐይ ምክንያትም ነው። በተራ ማተሚያ ቀለም ከታተሙት መካከል ቀይና ቢጫ ቀድመው ይለቃሉ፤ ጥቁር ይቆያል። በጅቡቲ ሐሩር ወይም በጣና ላይ ያለ ጥላ የተለጠፈ «ማጨስ ክልክል ነው» ስቲከር ጥቂት ሲከርም ቀዩ ክብና ሰያፉ መስመር ይጠፉና በነጭ መደብ ላይ የሚጨስ ጥቁር ሲጋራ ብቻ ይቀራል። ያንን ምልክት ነዳጅ ታንከር አጠገብ ላየ እንግዳ ሰው፣ የማጨሻ ቦታ ነው ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ክልከላ የሚታተመው ፀሐይ በሚቋቋም ቀለም፣ በአሉሚኒየም ወይም በኢናሜል ሰሌዳ ላይ መሆን አለበት፤ ሰያፉ መስመር ደግሞ በቅርጽ ቢቀረጽበት ቀለሙ እንኳ ቢለቅ ጭረቱ ይታያል። ዋጋው ከፍሌክስና ከስቲከር እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

ስለ ጽሑፉ በአጭሩ። ከሥዕሉ ሥር አማርኛ ሲጻፍ ለላቲን ፊደል የተሰላውን መጠን መገልበጥ አያዋጣም። በ‹ቡ› እና በ‹ቢ› መካከል ያለው ልዩነት በቀኙ እግር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ጭረት ናት፤ ከርቀት፣ በተለይም በሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ላይ፣ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ቀጭንና ጌጠኛ ፊደል ትቶ፣ ጭረቶቹ ጎላ ያሉ፣ በፊደሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ፊደል መምረጥ ያስፈልጋል። ለሥዕሉ ራሱ በብርሃን ለሚታይ ሰሌዳ የተለመደው ስሌት ከሚነበብበት ርቀት መቶኛ ነው፤ ከ10 ሜትር እንዲታይ የሚፈለግ ምልክት ቁመቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሚናወጥ ጀልባ ላይ ዕጥፍ ቢደረግ አይበዛበትም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን አይከራከርም።

ለአንድ የዘጌ ጀልባ እኔ የምሰቅለው እንግዲህ ብዙ አይደለም፦ ጃኬቱ ያለበትን የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት በየረድፉ ወንበር ፊት ለፊት፣ ጃኬት መልበስን የሚያዝ ሰማያዊ ክብ በመግቢያው፣ ጀልባው ሲጓዝ መቆምን የሚከለክል ቀይ ክብ ከፊት፣ የእሳት ማጥፊያውን የሚጠቁም ቀይ አራት ማዕዘን ከሞተሩ አጠገብ፣ የተፈቀደው የተሳፋሪ ቁጥር ደግሞ ከውጭ በኩል በጀልባው ጎን ላይ፣ ገና ያልተሳፈረው ሰው እንዲያነበው በትልቁ። ሰሌዳዎቹ በሙጫ ሳይሆን በማይዝግ ብሎን ይታሰራሉ፤ ሲያረጁ እንዲለወጡም ተለዋጭ ስብስብ በመሳፈሪያው ቢሮ ይቀመጣል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ትምህርት ስለሚሰጥ፣ በየመንፈቁ ጀልባዎቹን እየዞሩ የለቀቀውንና የተነቀለውን መዝግቦ ለሚመለከተው የማሳወቁ ሥራ ለተማሪዎቹ ጥሩ የተግባር ልምምድ ይሆናል፤ ከጥምቀት በፊት ያለው ሳምንት ለዚህ የተመቸ ነው፣ ብዙው ተሳፋሪ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነውና።